የሐጂ ዑመር የውዱእ ውሃ

ከአዋሽ እስከ ሰመራ መብራት በደንብ የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ቢቆጠሩ አንዱ እኔ ነኝ፤ ሁለቱን ያስተማርኳቸውም እኔ ነኝ። ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን የተቃጠለ ሬዲዮ እየፈታሁ ተማርኩት።

ባለፈው ሳምንት ሰመራ፣ ልጄ ቤት፣ አንድ ወጣት መሐንዲስ ትርፍ ኃይልን ወደ መሬት የሚያወርደውን የኧርዙን ዘንግ ለክቶ፣ በዚህ ደረቅ አገር እንዲህ ያለ ጥሩ ኧርዝ ማን እንደቀበረ ጠየቀ። ከገላ መታጠቢያው ፍሳሽ አጠገብ ያለውን እርጥብ አፈር በከዘራዬ አሳየሁት። አዋሽ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ጎረቤቴ እማማ ሐዋ የባለቤታቸውን የሐጂ ዑመርን የስኳር በሽታ መርፌ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። መብራት ሄዶ ሲመለስ ግን እንደ ደራሽ ውሃ ነው፤ ሁለት ፍሪጅ አቃጥሎባቸዋል። ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር ፍሪጁን ነቅለው፣ የበረንዳዋ አምፖል በርታ እስክትረጋ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ገበያ እንኳ አይሄዱም። በዚያ ሙቀት መድኃኒቱ ከተበላሸ ሐጂን ያጣሉ።

ሹፌር ወንድማቸው ከጅቡቲ ከቴምር ጋር የሰርጅ መከላከያ አመጣላቸው፤ ድንገት የሚመጣውን ትርፍ ኃይል ወደ መሬት የሚጥል ትንሽ ዕቃ ነው። ጋሽ መኮንን የሚባሉ ባለዲፕሎማ የመብራት ሠራተኛ ብሬከር ቦርዱ ውስጥ ገጠሙት። የኧርዙን ዘንግ ግን ግድግዳው ሥር፣ እንደ ዱቄት በደረቀ አፈር ቀበሩት። ደረቅ መሬት ኃይል አይቀበልም አልኳቸው።

"ሬዲዮ ጠጋኙ፣ አሁን ደግሞ አፈር መጠገን ጀመርክ?" አሉኝ።

እሳቸው ሲሄዱ ግቢውን ዞርኩ። ሣር የበቀለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ሐጂ በቀን አምስት ጊዜ ከሶላት በፊት ታጥበው ውዱእ የሚያደርጉበት ውሃ ወርዶ ከአጥሩ ኋላ የሚጠራቀምበት።

"አንተ ልጅ፣ ሰውዬውን መብራት ልታስይዝብኝ ነው?" አሉ እማማ ሐዋ፣ ዘንጉን ወደዚያ ላዛውር ስል።

"እሳቸው የሚታጠቡት ከአጥሩ ወዲህ፣ ዘንጉ ከአጥሩ ወዲያ። እርስዎ ብቻ ፍሪጁን አይንቀሉ።"

ዋናውን ብሬከር አጥፍቼ፣ ዘንጉን እዚያ ቀብሬ በወፍራም ሽቦ ከቦርዱ ጋር አገናኘሁት።

በሳምንቱ፣ የከሰዓቱ ነፋስ አቧራ ሲያነሳ መብራት ሄዶ ተመለሰ። የእማማ ሐዋ እጅ ሶኬቱ ላይ ነበር፤ ግን አልነቀሉም። ከጎረቤት የተቃጠለ ቴሌቪዥን ሽታ መጣ። የእኛ ፍሪጅ አጉረምርሞ ሥራውን ቀጠለ። የመከላከያው አረንጓዴ ምልክት ቀልቷል፤ ድርሻውን ተወጥቶ ሞቷል። ወንድማቸው ሌላ አመጣ፤ እሱን የገጠምኩት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን የበላሁት የፍየል ሥጋ በሩዝ ጣዕሙ አሁንም አፌ ላይ አለ።

ጋሽ መኮንንም ከዚያ ወዲህ አዲስ ቤት ሲገቡ አስቀድመው የሚጠይቁት "የምትታጠቡት የት ነው?" የሚል ሆነ። ስሜን አላነሱም፤ አልተቀየምኩም።

ዛሬ እጄ ካቻቢቴ አጥብቆ አይዝም። የሠራሁትን ግን መቁጠር እችላለሁ፤ አዋሽ፣ አዋሽ አርባና ሰመራ ውስጥ የቀበርኩት ዘንግ ሁሉ እንደረጠበ ነው፤ አንድ ባለዲፕሎማ አስተምሬያለሁ፤ ሐጂ ዑመር የልጅ ልጃቸውን ሠርግ በልተዋል፤ እማማ ሐዋም መብራት በሌለበት ቀን አምፖሏን ዞር ብለው ሳያዩ ገበያ ሄደዋል።