«ቤቶች» ሳይሉ ማንኳኳት

ቁጡ ነኝ፤ ቂምም እይዛለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግራችሁ ነው።

ጎንደር አጠገብ ጠዳ ያለው የእናቴ ቤት የቆርቆሮ በር አለው። በኛ ሰፈር እንግዳ በር መትቶ ዝም አይልም፤ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። ከውስጥ «ደጆች!» ይባላል፤ በሩም ይከፈታል። ድምፅ ለሌለው ማንኳኳት እናቴ ከመቀመጫዋ አትነሳም። «እጅ ያለው ሁሉ ያንኳኳል» ትላለች።

ልጅ ሆኜ አንድ ክረምት፣ የሰፈር ልጆች በር እየመቱ መሮጥን ጨዋታ አደረጉት። እናቴ መጀመሪያ ተራገመች፣ ቀጥሎ አጉረመረመች፣ በመጨረሻ ጭራሽ ተወችው። በዚያው ሰሞን አክስቴ ከአዘዞ መጥታ በሩን መታች፤ «ቤቶች! ኧረ ቤቶች!» እያለችም ተጣራች። እናቴ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። ሰምታታለች፤ ግን አልተነሳችም። አክስቴ አኩርፋ ተመለሰች። እናቴ ምን እንደነካት ለራሷም አልገባትም።

ለኔ የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ ጎንደር ኮሌጅ ገብቼ ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ስማር ነው። ቲ ሴል የሚባል ነጭ የደም ሴል አለ። ገላው ላይ ተቀባይ የሚሉት፣ መልእክት የሚቀበል ፕሮቲን ቆሟል። ሌላ ሴል የጀርም ቁራጭ ይዞ መጥቶ ያንን ተቀባይ ሲነካው፣ ይኸ ማንኳኳቱ ነው። ብቻውን አይበቃም። ከጎኑ ያለው ሁለተኛ ተቀባይም በመጣው ሴል ላይ አቻውን ማግኘት አለበት፤ ይኸ «ቤቶች!» ማለቱ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ መልእክቱ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ደጃፍ ያለው ፕሮቲን ቀጣዩን ፎስፌት የሚባል ምልክት ያስይዘዋል፣ ያም ሌላውን፤ በሴሉ ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፤ ወሬው የሴሉ እምብርት፣ ኒውክሊየሱ ጋ ሲደርስ ሴሉ ይነቃል፣ ይራባል። ማንኳኳቱ ብቻ ከመጣ ግን ሴሉ ይደነዝዛል። ኋላ ከነድምፁ ቢጠሩትም አይነሳም። ቁርጥ እናቴን!

ይህን መጀመሪያ የነገርሁት ለጓደኛዬ ነው። የአዲ አርቃይ ልጅ ነበረች። አንድ ክፍል ተከራይተን አራት ዓመት አብረን ኖረናል። ጎንደር ዘመድ ስላልነበራት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዳ ይዣት እሄድ ነበር። እናቴ «ያች ሸጋ ልጅ» ነበር የምትላት፤ የሷ ጉርሻ ከኔ ይተልቅ ነበር። በራችንን ስትመታ ሁለቱን ፈጠን፣ ሦስተኛውን ዘግየት ታደርጋለች። ስለ እናቴና ስለ ቲ ሴሉ ፒያሳ ሻይ እየጠጣን ስነግራት እስኪያንቃት ሳቀች።

ስንመረቅ ኮሌጁ አንድ ረዳት መምህር ፈለገ። ለመጨረሻው ዙር እኔና እሷ ቀረን። ቲ ሴል እንዴት እንደሚነቃ በየተራ እንድናስተምር ታዘዝን። ዕጣ አወጣን፤ የመጀመሪያው ለሷ ደረሳት። እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ ስጠብቅ ከውስጥ ሳቅ ሰማሁ። ተሳካላት ብዬ ደስ አለኝ። ሞኝ!

ተራዬ ደርሶ ስገባ እሷ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሰሌዳውን በጣቴ መታሁና «ቤቶች!» አልሁ። ሦስቱ መምህራን ተያዩ። «ደጆች» ያለ የለም። ትልቁ መምህር መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይኸንን እኮ አሁን ሰማነው። የጓደኛሽን ልትደግሚልን ነው?»

ክው አልሁ። «የኔ ነው! ስለ እናቴ ነው!» ብዬ ጮህሁ። መምህሩ ወደሷ ዞሩና፣ «እህ?» አሏት። «የሷ ነው» ብትል ይበቃ ነበር። እሷ አቀርቅራ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ትምህርቱን እንዴት እንደጨረስሁት አላስታውስም። ሥራው የሷ ሆነ፤ እኔ የሰው ሐሳብ ሰርቃ የተያዘች ተባልሁ።

ደጅ ላይ ተከተለችኝ። «ደነገጥሁ እኮ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።»

«እሱስ ይሁን፤ ሲጠይቁሽ ምነው ዝም አልሽ?»

ዕቃዬን በዚያው ቀን ጠቅልዬ ጠዳ ገባሁ። ባጎረስሁ ተነከስሁ ይባላል፤ ያጎረሰችውስ እናቴ ነበረች። ለእናቴ ግን የሆነውን መንገር አፈርሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ተመታ፤ ሁለቱ ፈጠን፣ ሦስተኛው ዘግየት ብሎ። ጆሮዬን ጣልሁ። ድምፅ የለም። የዚያን ቀን ብትጣራ፣ እምላለሁ፣ እየሰደብኋት እከፍትላት ነበር። በሳምንቱም መጣች፣ መታች፣ ዝም ብላ ሄደች። በሦስተኛውም እንዲሁ። ከዚያ ቀረች።

ዓመታት አለፉ። እኔም ነርሶች በሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመርሁ። አንድ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ምሳ ስንበላ በሩ ተመታ። ሁለቱ ፈጠን፣ ሦስተኛው ዘግየት። በመጨረሻም ድምፅ መጣ።

«ቤቶች!»

እናቴ ፊቷ በራ። «ያች ሸጋ ልጅ እኮ ናት! ምነው፣ አትነሽም?»

አልተነሳሁም። ንዴቱ እንኳ አልመጣልኝም። ብፈልገው ባዶ ነው።

«ቤቶች! ኧረ ቤቶች!»

እናቴ «ደጆች» ልትል አፏን ስትከፍት እጄን አፏ ላይ አደረግሁት። ከንፈሯ መዳፌ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። እርምጃው ከበሩ እየራቀ ሄዶ እስኪጠፋ አላነሳሁትም። እናቴ ያን ቀን ምሳዋን አልጨረሰችም።

እኔ አሁንም ያንን ትምህርት አስተምራለሁ። ስለደነዘዘው ሴል ስደርስ ሁልጊዜ አንዷ ተማሪ እጇን ታወጣለች።

«ሞቷል ማለት ነው?»

«አልሞተም» እላታለሁ። «ቤት ውስጥ አለ።»