የየኔታ ፊትና የጎረቤቴ ካባ

ደባርቅ ላይ ፎቶ ቤት የከፈቱ ሰዎች ሥራቸው አንድ ነው፤ ጠይም ሰው ተቀብለው ነጭ ሰው ይመልሳሉ። ፊት ይለሰልሳል፣ አፍንጫ ይቀጥናል፣ ከጀርባ የጎንደር ግንብ ወይም ማንም ያላየው ፏፏቴ ይገባል። እኔ ይህን እምቢ ብዬ ነው ደንበኛ የራቀኝ፤ ቅር አይለኝም ብል ግን ውሸት ነው።

ከግድግዳዬ ወዲያ ያለው ጎረቤቴ ሰልፍ አያጣም። የሚሠራው ውድ በተባለው የፎቶ ማሳመሪያ ፕሮግራም ነው። ውድ ይበለው እንጂ አልገዛውም፤ ቁልፉ ተሰብሮ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የደረሰው ነው። እሱን ለመጫን ጸረ ቫይረሱን አጥፍቶ የስንቱን ሰው ሠርግ በቫይረስ አስበልቷል። እንግዲህ የእኔን ፕሮግራም የሚንቀው ይህ ሰው ነው። የእኔው ነፃ ነው፤ የሠሩት ሰዎች የፈለገ ይውሰደው፣ የቻለ ያሻሽለው ብለው ከነውስጡ ክፍት አድርገው የለቀቁት ነው። ጎንደር ስማር በግቢው ኢንተርኔት አውርጄ አመጣሁት፣ ያው እስከ ዛሬ ይሠራል። ጎረቤቴ ግን ደንበኛ ፊት፣ «ነፃ ነገር ምን ይረባል? ቢረባ ይሸጡት ነበር» ይላል። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ማለት ይህ ነው።

ፕሮግራሙንም ቢሆን አላቆላምጠውም። የሠሩት ሰዎች ሰው የሚወዱ አይመስለኝም፤ አንዱን ነገር በአምስት ቦታ አስቀምጠው የትኛው እንደሚሻል አይናገሩም። አሮጌው ላፕቶፔ ላይ ሲንፏቀቅ ብዙ ጊዜ ሰድቤዋለሁ። ነገር ግን አንድ ሥራ ያውቃል። ካሜራ ያየውን ሁሉ ሳይነካካ የሚያስቀምጥበት ጥሬ ፋይል አለ፣ ሮው የምንለው፤ ከዚያ ውስጥ በጨለማ የተዋጠውን ፈልቅቆ ያወጣል። ተራው ፎቶ፣ ጄፔጉ፣ አንዴ ከጨለመ ጨለመ ነው። ጎረቤቴ ሮውን የሚያውቀው ካርድ የሚሞላ፣ ስልክ ላይ የማይከፈት የተበላሸ ፋይል አድርጎ ነው፤ ባየው ቁጥር ያጠፋዋል።

የኔታ ያረፉት ከጥምቀት በኋላ ነው። ዳባት አጠገብ ባለ ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ያስተማሩ፣ አባቴንም ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ነበሩ። ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። በዚያ ጥምቀት ግን ጃንጥላ ሥር ቆመው አንጋጠው ሲያዜሙ አላዩኝም፣ አነሳኋቸው። የደጋው ፀሐይ ከጃንጥላው ኋላ ገብቶ በነጩ ጥምጣማቸው ላይ ሲያበራ ካሜራው ለነጩ አደላና ፊታቸውን አጠቆረው። ይህ እኛ አገር የተለመደ ነው፤ ካሜራ የሠሩ ሰዎች ነጭ የለበሰ ጥቁር ሰው ያሰቡ አይመስሉም።

የበኩር ልጃቸው ጎንደር ላይ ነጋዴ ነው። የአርባው ተዝካር ሲቃረብ መጣና፣ «እህቴ፣ ያነሳሻቸው አንቺ ብቻ ነሽ አሉ። እናታችን ሌላ ምስል የላትም። ፊታቸው እየጠፋብኝ ነው እያለች ታለቅሳለች» አለኝ።

ይህን ሰምቼ ሥራዬን ሁሉ ተውኩ። ሮውን ከፍቼ ጥላውን ቀስ እያልኩ ሳነሳው መጀመሪያ ግንባራቸው፣ ቀጥሎ ፈንጣጣ ያለፈበት ጉንጫቸው፣ ከዚያ ሞራ የሸፈናት ግራ ዓይናቸው ታየች። ጨለማ ሲገፈፍ እንደሚሆነው፣ ጤፍ የተበተነባቸው ይመስል ፊታቸው ላይ ነጠብጣብ መጣ፤ ፊት እንዳይጠፋ እየፈራሁ እሱንም አለሰለስኩት። በመጨረሻ ከአገጫቸው ሥር ጋቢው ተገለጠ። ተቀድዶ በሰማያዊ ክር ተወጋግቷል። የኔታ ከነሙሉ ነገራቸው ፊቴ ቆሙ፣ እኔም ደስ አለኝ።

ልጃቸው ግን ያየው ክሩን ነው።

«ይቺን ስፌት አጥፊያት። ዓይናቸውንም እንደ ቀኙ አድርጊው። ትንሽ ቀላ ቢሉም ጥሩ ነው።»

«ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ እኮ እሳቸው አይደሉም።»

«ሰው ምን ይላል? ልጅ እያላቸው የተጣፈ ጋቢ ለበሱ ይበሉን?»

ከሞቱ በኋላ በኮምፒውተር ከሚያለብሷቸው በሕይወት ሳሉ አንድ ጋቢ ቢገዙላቸው ምን ነበር ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «እኔ አላጠፋም» ብቻ አልኩት። ያወጣሁትን ስላልፈለገው ካሜራው የሰጠኝን የጠቆረውን ጄፔግና ሮውን በፍላሹ ሰጠሁት። እሱም ግድግዳውን ዞሮ ጎረቤቴ ዘንድ ገባ። ጎረቤቴ እንደ ልማዱ፣ «ይህኛው የተበላሸ ነው» ብሎ ሮውን ሲያጠፋ በስስ ግድግዳችን በኩል ሰማሁት። በእጁ የቀረው ያ የጠቆረው ፎቶ ነው።

ለተዝካሩ ከአባቴ ጋር ዳባት ወረድን። ድንኳኑ በር ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ባነር ተሰቅሏል። ጎረቤቴ ከጠቆረው ፎቶ ፊት ማውጣት ሲያቅተው ነጭ ቀብቶታል፤ ሁለት ጤነኛ ዓይኖች ከየት እንዳመጣ እሱ ይወቅ። ከአንገት በታች የወርቅ ጥልፍ ያለው ካባ ነው። ካባውን አወቅሁት፤ ባለፈው ዓመት የሞቱትን የድብ ባሕር ቄስም ያንኑ ነው ያለበሳቸው። ከኋላ ግንቡ ቆሟል። ሕዝቡ ዳቦና ጠላ ይዞ፣ «እንዴት ያምራሉ!» ይላል። አንድም ሰው፣ አብረዋቸው ሃምሳ ዓመት ያስቀደሱት እንኳ፣ እኚህ ማን ናቸው ብሎ አልጠየቀም። ሲያምር ዝም ማለት ነው ልማዳችን።

የየኔታ ባለቤት ከሴቶቹ መካከል መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ከደብተር ገጽ የማትበልጥ ህትመቴን ከነጠላዬ ሥር አውጥቼ ሰጠኋቸው። ልጃቸው ከወዲያ አይቶኝ እየተጣደፈ መጣ። እሳቸው ምስሉን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ፊቱን ሳይነኩ ጣታቸውን በቀጥታ ሰማያዊው ክር ላይ አሳረፉ።

«እኔ ነኝ የሰፋሁት» አሉ። «ነጭ ክር አጥቼ፣ ገበያ እስኪሆን ብዬ ወጋ ወጋ አደረግሁት። ነጩን ሳመጣ፣ ‹ተዪው፣ ይበቃል› አሉኝ። እንዳሉም አልቀረ፣ እስኪሞቱ በቃቸው።»

ከዚያ ምስሉን ደረታቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ንዴቴም አብሮ ነበር።

ልጃቸው ጎንበስ ብሎ፣ «እማዬ፣ ትልቁ እኮ በር ላይ አለ፣ አላየሽውም?» አላቸው።

ቀና ብለው በድንኳኑ በር በኩል ባነሩን ተመለከቱ። ከጠዋት ጀምሮ በፊቱ ሲወጡ ሲገቡ ውለዋል።

«አይቼዋለሁ» አሉ። «የአንተ እንግዳ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት። በል እህል ቅመስ በለውና ወደ አገሩ ሸኘው፤ የኔታ መጥተዋል።»