ጠመኔ የበላችው ልጅ

ሰው ሁሉ ሲስተር ይላታል እንጂ ሲስተር አይደለችም። የጤና ጣቢያው የሚዛን ክፍል ሠራተኛ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ስታንጠለጥል ኖራለች። ሕፃኑን የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ታስገባለች፣ መንጠቆው ላይ ትሰቅላለች፣ እየተወዛወዘ ሲያለቅስ የሚዛኑ ቀስት እስኪረጋ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ክንዱን በጥብጣብ ለክታ ካርዱ ላይ ነጥብ ታደርጋለች። ነጥቡ ከመስመሩ ከወረደ እናቲቱን አስቀምጣ ትመክራለች። እንቁላል፣ ምስር፣ አትክልት፣ ወተት። ጣፋጭ አይለመድም። ምግብ በሰዓቱ። እናቶቹ "እሺ ሲስተርዬ" እያሉ ይወጣሉ፤ የሚሰማ ይሰማል፣ የማይሰማውን ደግሞ ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ብላ ታልፈዋለች።

የራሷ ልጅ የመጣችው ዘግይታ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቷት ተስፋ ከቆረጠች በኋላ ነው። ሚጣ ይሏታል።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ቤታቸው ሁለት ክፍል ሲሆን መንገዱን የምታየዋ የፊተኛዋ ክፍል የእሱ ሱቅ ናት፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ ጠርዙ የተሸረፈ መስታወት። ሲስተር ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከወጣች በኋላ ሚጣ የምትውለው ከአባቷ ጋር ነው፤ ጠረጴዛው ሥር፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ መሃል። መቀስና መርፌ ባለበት ቤት ልጅን አንድ ቦታ የሚያስቀምጥ መላ ያስፈልጋል። የእሱ መላ ብስኩት ነበር። አንዱን ስትጨርስ ሌላውን።

ስንፍና ብቻ አልነበረም። ልብስ ሰፊው አባቱ በልጅነቱ ሞቶበት አጎቱ ቤት ነው ያደገው። የአጎቱ ልጆች ጨምሩልን ይላሉ፣ ይጨመርላቸዋል። እሱ አይልም። ማንም ከልክሎት አያውቅም፤ ግን ሳይጠግብ እጁን ሰብስቦ መነሳትን ለመደው። አሁን አርባ አራት ዓመት ሆኖትም እጇን የዘረጋች ልጅ ሲያይ አንጀቱ አይችልም። "እሷ የምትጠይቀው ሰው አላት" ይላል፤ ከዚህ ሌላ ማብራሪያ የለውም።

ሲስተር ይህን ታውቃለች። ማወቋ ግን ንዴቷን አላበረደውም። ማታ ስትገባ ተተኩሶ በተጣጠፈ የሰው ሱሪ ውስጥ የብስኩት ፍርፋሪ ታገኛለች። መጀመሪያ በቀልድ ተናገረችው፣ ቀጥሎ በቁጣ፣ በመጨረሻ በጽሑፍ። ከመሥሪያ ቤቷ ካርቶን አምጥታ በቀንና በሰዓት የተከፋፈለ የምግብ ሰንጠረዥ ጻፈችና መስታወቱ አጠገብ ለጠፈችው። ባሏ ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ የእጅ ጽሑፏን አደነቀ፣ ልጅቷ ሚኒስትር ስላልሆነች በቀጠሮ አትበላም አለና ወደ መኪናው ተመለሰ። ቆይቶም ደንበኞቹ ልብስ እየለኩ ሰንጠረዡን ያነቡት ጀመር። አንዷ ሴትዮ ካሮት በሳምንት ሦስት ጊዜ በዛ ብላ አስተያየት ሰጥታ ሄደች።

ማታ ማታ ሌላ ጦርነት ነበር። ሲስተር ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ እግሯ አብጦ ትገባለች፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ካሮት ትቀቅላለች፣ ምስር ታደቅቃለች። ሚጣ አፏን ትገጥማለች። ማንኪያው በቀኝ ሲመጣ ፊቷን ወደ ግራ፣ በግራ ሲመጣ ወደ ቀኝ። ከዚያ፣ ካልበላሁት ጭሬ ላፍስሰው እንዳለችው ዶሮ፣ ሳህኑን በሁለት እጇ ትገፈትረዋለች። ሲስተር ተንበርክካ ወለሉን ትወለውላለች። አባትየው ከፊተኛው ክፍል መኪናውን ያስጮኻል፤ ጩኸቱ "ብዬሽ ነበር" የሚል ይመስላል። ልጅቷ ባዶ ሆዷን ልትተኛ ነው የሚለው ፍርሃት ሲመጣባት ሲስተር ተነስታ ወተት ታሞቃለች። ጡጦ ሙሉ። ሚጣ ወተት አትመልስም። አንዱን ጨርሳ ሌላ ትጠይቃለች፣ እናቷም ደስ እያላት ትሞላላታለች። ጠዋት ከመውጣቷ በፊት አንድ ታጠጣታለች፣ ለቀኑ ደግሞ ሁለት አዘጋጅታ ታስቀምጣለች። ወተት እኮ ነው፤ ለራሷም ለባሏም የምትለው ይህንኑ ነበር። በዚያ ቤት ያሸነፈችው ነገር ቢኖር ወተቱ ነበር።

እንዲህ እያሉ ስምንት ወር ሄዱ። አብሮ መብላት ቀረ። እሱ ቀድሞ ይበላል፣ እሷ ከልጅቷ የተረፈውን ቆማ ትጎርሳለች። ሚጣም አፍ ስትፈታ ፖለቲካውን አብራ ተማረች፤ ለአባቷ "ኩት"፣ ለእናቷ "ቱቶ"፣ በመካከል ለሚቀርብላት ነገር ሁሉ "እምቢ"።

የተማሪ ዩኒፎርም ሥራ በበዛበት ሰሞን ልብስ ሰፊውን ጠመኔ እየጠፋ አስቸገረው። ጨርቅ ላይ የሚያሰምርበት ሰማያዊ ጠመኔ ነው። ሦስተኛው ሲጠፋበት ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር አየ። ሚጣ ጠመኔውን እንደ ከረሜላ ትቆረጥማለች፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። አጠገቧ ያልተነካ ብስኩት አለ።

አፏን በጣቱ ጠርጎ አጠባት፤ የቀረውን ጠመኔ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አደረገ። በማግስቱ ግን የግድግዳውን ኖራ በጥፍሯ ፍቃ ስትልስ አገኛት። ሦስት ቀን ለሚስቱ ሳይነግራት ዋለ አደረ። ምን እንደምትለው አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ጠረጴዛው ሥር ያስቀመጣት እሱ ነው።

በአራተኛው ቀን ሲስተር እንደ ልማዷ ወለሉን ስትወለውል አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

"ጠመኔ ትበላለች" አላት። "ሦስት ቀኗ ነው። ግድግዳም ትልሳለች።"

ሲስተር መወልወያውን አስቀመጠች። አልጮኸችም። አፈር የሚበላ ልጅ ይዛ ለምትመጣ እናት ምን እንደሚባል በቃሏ ታውቀዋለች፤ ደሙ ይመርመር። ሚጣን ወደ አምፖሉ አስጠግታ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ሳብ አድርጋ አየች። ውስጡ ቀይ መሆን ሲገባው ነጥቷል። በየወሩ መዝናታለች፤ ነጥቧ አንድም ቀን ከመስመሩ ወርዶ አያውቅም። የስንቱን ሰው ልጅ ስታይ ኖራ ይህን ሳታይ ቀርታለች።

በማግስቱ ሦስቱም ጤና ጣቢያ ሄዱ። ባልደረቦቿ በጓሮ በር ግቢ ቢሏትም ወረፋ ያዘች፤ ከራሷ ክፍል በር ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ልጇን አቅፋ ከእናቶቹ መሃል ተቀመጠች። ለምን እንደዚያ እንዳደረገች ሲጠይቋት፣ ደክሞኝ ነበር፣ መቀመጥ ብቻ ነው የፈለግሁት ትላለች።

ሐኪሟ ጡረታቸው የተቃረበ ሴት ናቸው። የደም መጠኗን ውጤት አዩት፤ ስምንት። ከአሥራ አንድ መውረድ አልነበረበትም። ልጅቷን አገላብጠው ከመረመሩ በኋላ ምን ምን እንደምትበላ ጠየቁ። ልብስ ሰፊው አቀረቀረ። ሲስተር ሰንጠረዡን በቃሏ ወረደችው፤ ካሮቱን፣ ምስሩን፣ እንቁላሉን።

"የምታቀርቢላትን አይደለም ልጄ፣ የምትውጠውን ነው የጠየቅሁሽ" አሉ ሐኪሟ። "ወተት ስንት ትጠጣለች?"

"ወተት እንኳን ጎድሎባት አያውቅም። በቀን አራት ጡጦ፣ አንዳንዴ አምስት።"

ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበረበት። ያን ኩራት ስታስታውሰው እስከ ዛሬ ፊቷ ይግላል።

ሐኪሟ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና ወተቱ ነው አሉ። ወተት መልካም ነው፤ ግን ደም የሚሠራበት ብረት እዚህ ግባ የሚባል የለውም። በዚህ ልክ ሲጠጣ ሆድ ይሞላል፣ ሌላው ምግብ ቦታ ያጣል፤ በቀማመሰችው ውስጥ ያለውን ብረትም ሰውነቷ እንዳይወስደው ያግዳል። ልጅቷ ምግብ ጠልታ አይደለም፤ ጠግባ ነው። ክብደቷም ያልወረደው ለዚሁ ነው፤ ሚዛን ደም አይመዝንም።

ሲስተር ባሏን ሳታየው ጠበቀች። ስምንት ወር በብስኩት ሲወቀስ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን የፈለገውን ቢናገር አትፈርድበትም። ልብስ ሰፊው ቀና አለ።

"ብስኩት የምሰጣት እኔ ነኝ" አለ። "እሱም ይጻፍ።"

"እዚህ የሚጻፈው የልጅቷ ነው" አሉት ሐኪሟ። "የእናንተን እቤታችሁ ተነጋገሩበት።"

እቤታቸው ሲገቡ አልተነጋገሩበትም፤ ሁለቱም ዝለዋል። እሷ ካርቶኑን ከግድግዳው ላይ አነሳች፣ እሱ የቀረውን ብስኩት ለጎረቤት ሰጠ። ጡጦው ተጣለ። ወተት በቀን ሁለት ትንንሽ ኩባያ፣ ያውም ከምግብ በኋላ ሆነ። በየቀኑ ጥርስ የሚያጠቁር የብረት ሽሮፕ ተጨመረ።

የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ለጠላትም አይስጥ። ሚጣ "ቱቶ" እያለች ታለቅሳለች፤ እንባዋ ሲያልቅ በደረቁ ትቀጥላለች። ልብስ ሰፊው የአንድ ተማሪ ሱሪ አንዱን እግር ከአንዱ አሳጥሮ ሰፋ። አንዴም ብስኩት ሊገዛ ተነስቶ በሩ ድረስ ሄደና ተመለሰ። ሲስተር ደግሞ ልቧ አልችል ብሎ ወተት አሞቀች፤ ካሞቀችው በኋላ ግን ራሷ ጠጣችው።

በአምስተኛው ቀን ለልጅቷ ለብቻ ማብሰሏን ተወች። ብልሃት አልነበረም፤ አቅም አልቆባት ነው። ለራሷና ለባሏ የሠራችውን ምስርና ዳቦ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አቀረበች፤ ጨርቁን ገፋ አድርገው ተቀመጡ፣ ሚጣን አባቷ ጭኑ ላይ አስቀመጣት። ማንም ብዪ አላላትም። እነሱ ስለሚያፈስሰው ጣሪያ ሲያወሩ ሚጣ እጇን አባቷ ሳህን ውስጥ ከተተች። ምስሩን አየችው፣ ላሰችው፣ ዋጠችው። ልብስ ሰፊው ማኘኩን አቆመ። ሲስተር በጠረጴዛው ሥር በእግሯ ነካ አደረገችው፤ ዝም በል ማለቷ ነው። ልጅቷ አራት ጊዜ ጎረሰች። በማግስቱ አንድም አልበላች። በሦስተኛው ቀን ከእናቷ እጅ እንቁላል ነጥቃ በላች።

እንዲያ እንዲያ እያለ ሄደ። በወሩ ደሟ ዘጠኝ ተኩል ሆነ፣ በሦስተኛው ወር አሥራ አንድ ተኩል። ጠመኔውን ረሳችው። ሲስተርም ሥራዋ ላይ ምክሯ አጠረ፤ አሁን መጀመሪያ የምትጠይቀው ልጁ የሚውጠውን ነው፣ ከዚያም የዓይኑን ቆብ ዝቅ አድርጋ ታያለች። ባልና ሚስቱ ክርክሩን ጨርሰው አልተዉትም። ጨው ይነስ ይብዛ፣ ልጅ እየዞረ ይብላ ወይስ ተቀምጦ ይባባላሉ፤ ግን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

ሚጣ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ጎመን ዛሬም አትነካም፤ ሽንኩርት እየለቀመች ሳህኗ ጠርዝ ላይ ትደረድራለች። ማታ ሦስቱም አብረው ይበላሉ። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያንቀላፋው ልብስ ሰፊው ነው፤ ሲስተርም ሳህኖቹን ከማንሳቷ በፊት ጫማዋን አውልቃ ትንሽ ትቀመጣለች።