የተወለወለው ሯጭ

ጋሽ ሀምዱን ደሴ ፒያሳ ላይ የማያውቀው የለም። ብር ሲቀጠቅጥ አርባ ዓመቱ ነው፤ ጆሮው ግማሽ ሆኗል፣ እልሁ ግን ሙሉ ነው። እኔ የኔነሽ ከጎኑ ክር እሸጣለሁ፤ ስንነታረክ ነው የምንውለው።

ረሂማ ማክሰኞ ዕለት ከኮምቦልቻ መጣች። ሟች ባሏ ጣሀ ፋብሪካ ሲሠራ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ የሰጠውን ሳንቲም በላስቲክ እንደታሸገ ይዛለች። የብር ነው፣ ሯጭ ተቀርጾበታል። ለውጭ አገር ሰብሳቢዎች የወጣ የስፖርት መታሰቢያ ነው አሉ፤ የአገራችን ስም አለበት እንጂ እኛ ገበያ ላይ ዞሮ አያውቅም። ሐሙስ ገዥ ይመጣል፤ በዚያ ገንዘብ የልጇ የረውዳ ዓይን ይታከማል። ክረምቱ ሳይገባ ካልታከመች ዓይኗ እንደማይተርፍ ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯታል።

«የእኔን ቤት ሌባ ለምዶታል፤ እርስዎ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥልኝ። አማና፣ አደራ ጋሽ ሀምዱ፣ እጅ እንዳይነካው!»

«ወላሂ ማንም አይነካውም!» አላት። የራሱን እጅ ግን ከቁጥር አላስገባውም።

ረቡዕ ሳንቲሙን ከላስቲኩ አውጥቶ ጠቆር ማለቱን አየ።

«የሰው አማና ቆሽሾ ይመለሳል እንዴ? ነውር ነው!» ብሎ ሎሚና አመድ አቀረበ።

«እጅ እንዳይነካው አላለችም?» ብለው፣ «አንቺ ክርሽን ሽጪ!» አለኝ። ተናደድኩና ዝም አልኩ። አይ እኔ! ያ ዝምታዬ ዛሬም ያንገበግበኛል። እስኪመሽ ፈተገው፤ ሯጩ እንደ አዲስ ድስት አበራ።

ሐሙስ ጠዋት ረሂማ ሳንቲሙን ወሰደችው፤ ኮምቦልቻ ላይ ገዥው በማጉያ መስተዋት አየና መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ለካ ለሰብሳቢ ዋጋው ያልተወለወለ፣ ያልተነካ መሆኑ ኖሯል! ረሂማ እያለቀሰች ነገረችኝ። «ለጋሽ ሀምዱ እንዳትነግሪ፣ በጸጸት ይሞትብኛል» አለችኝ። ገዥው ቀረ አልነው። ሌላ ገዥ አልተገኘም፤ ክረምቱ ገባ፣ ወጣም።

ባለፈው ሳምንት እናትና ልጅ መጡ። ጋሽ ሀምዱ ሳንቲሙን ተቀብሎ ማንጠልጠያ በየደበትና ረውዳ አንገት ላይ አሰረላት። ደስታው!

«አየሽው ሲያበራ?» አላት።

«አዎ አባባ፣ ያምራል» አለችው፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ፈገግ እያለች።

እሱ የቆመው በሌላው በኩል ነበር፤ የማያየውን ዓይኗን አየ፣ ከዚያም የሚያበራውን ሳንቲም። ከዚያ ቀን ወዲህ የመዶሻውን ድምፅ አልሰማሁም።