የቆላ በርበሬ በደባርቅ መስኮት

በርበሬ የቆላ ልጅ ነው። ደባርቅ ላይ ውርጩ አንዳንድ ዓመት ድንቹን እንኳ አቃጥሎ ያድራል፤ በዚህ አገር በርበሬ አበቅላለሁ የሚል ሰው ቢነሳ ዘመዶቹ ጠበል ይወስዱታል። እኔ ያን ሰው እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ያደግሁት ከዳባት ወጣ ባለ ገጠር ቢሆንም እጄ ለአፈር አልተፈታም። ፊደል የቆጠርኩት ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ከወረቀት ላይ ተነስቶ አያውቅም ብል ብዙ አላጋነንኩም። የምሠራው በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የምኖርባት የኪራይ ክፍል አልጋ፣ ጠረጴዛና የመጻሕፍት መደርደሪያ ከገባባት በኋላ ለመዞሪያ አትበቃም። አንድ ጸጋ ግን አላት፤ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰፊ የመስታወት መስኮት።

የመስኮቱ ወሬ የደረሳቸው ገበያው ዳር ቅመም የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። በልጅነታቸው ከሊማሊሞ ግርጌ፣ ከዛሪማ በኩል ለደባርቅ ነጋዴ ተድረው የመጡ ሙስሊም ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ኮረሪማውን ከጥቁር አዝሙድ፣ የዘንድሮውን ከአምናው የሚለዩት በጣታቸውና በአፍንጫቸው ነው፤ ሲሳሳቱ አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ቅመም ልገዛ ብጠጋ፣ “አንቺ ልጅ፣ ያ ሁሉ መጽሐፍሽ በርበሬ ቤት ውስጥ ይበቅላል ይላል?” አሉኝ።

“ብርሃንና ሙቀት ካገኘ ይበቅላል ይላል፣ እትዬ።”

“ብርሃኑ አንቺ ዘንድ አለ አሉ። ሙቀቱን እኔ አሳይሻለሁ።”

ከመደባቸው ሥር አንዲት ትንሽ ቅል አወጡ። ውስጧ አመድ ነው፤ አመዱ ውስጥ ደግሞ የበርበሬ ፍሬ። የእናታቸው በርበሬ ነው። ቆላ ያለው ወንድማቸው በየዓመቱ እየዘራ ለእሳቸው ዛላውን ይልክላቸው ነበር። ወንድማቸው ሲሞት መሬቱ ለሌላ ሰው ሆነ፤ ሰውየውም ሰሊጥ ዘራበት። ይህ ከሆነ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። የበርበሬ ፍሬ ሲቆይ ነፍሱ እየደከመች እንደምትሄድ እኔም አንብቤያለሁ፤ እሳቸው ግን ሳያነቡ ያውቁታል።

“ወደ ቆላ ለምን አይልኩትም?” አልኳቸው።

“ለማን? የተቀበለኝ ሰው እንደ ጎመን በትኖ ፍየል ያስበላዋል። ከዚህ ሌላ ፍሬ የለም፣ ልጄ። ዘንድሮ ካልበቀለ የእናቴ በርበሬ አለቀ።”

ፍሬውን ውሃ ላይ በተኑት። የሰፈፈውን ሁሉ ጣሉት፤ የሰጠመው ዘጠኝ ብቻ ነበር። ዘጠኙን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው እጄ ላይ አኖሩና፣ “ጡትሽ መሃል አድርጊው” አሉኝ።

“ምን?”

“ደባርቅ ውስጥ ከሰው ገላ ሌላ የሚሞቅ ነገር አለ? እናቴም ክረምት ላይ እንዲህ ነበር የምታደርገው። ዶሮስ ታቅፋ አይደለም የምትፈለፍል?”

እንዲህ ሆኖ ዘጠኝ ፍሬ በርበሬ ደረቴ ውስጥ ይዤ ለአሥራ አንድ ቀን መጽሐፍ አዋስኩ። ጨርቁን ጠዋትና ማታ አረጥባለሁ። ቀዝቃዛው ጨርቅ ገላዬን ሲነካኝ ስንቀጠቀጥ ያየችኝ የሥራ ባልደረባዬ፣ “ወባ ይዞሻል?” ብላ አዘነችልኝ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጨርቁን ስፈታው አራቱ ነጭ ጭራ አብቅለዋል። እስከዛሬ ያነበብኩት ጽሑፍ ሁሉ ይህን የመሰለ አንድ መስመር አልነበረውም። ጨርቁን እንደያዝኩ ወደ እትዬ ሮጥኩ፤ እሳቸውም ጭራዎቹን በጣታቸው ጫፍ አንድ በአንድ ዳሰሱና፣ “አልሐምዱሊላህ፤ አራት ወለድሽ” አሉ።

አፈሩን ያዘጋጁት ራሳቸው ናቸው። የከረመ ፍግ፣ የወንዝ አሸዋና ቀይ አፈር እየጨበጡ፣ እየለቀቁ፣ እያሸተቱ ቀላቀሉት። “ጨብጠሽ ስትለቂው እንደ ቆሎ መበተን አለበት፤ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ሥሩ ይታፈናል።” ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካኖች አፋቸውን ቆርጬ ሥራቸውን በጋለ ሚስማር በሳሁ። በመስኮቱ ተቃራኒ ነጭ የዱቄት ማዳበሪያ ግድግዳው ላይ ወጠርኩ፤ የጠዋቱን ብርሃን ወደ ችግኞቹ ጀርባ እንዲመልሰው ነው። ይህኛው ከመጽሐፍ ያገኘሁት ነው፤ እትዬም “ይሁን፣ ይሄ ጥሩ ነው” ስላሉኝ ሳምንቱን ሙሉ ኮራሁ።

ኩራቴ ሁለቱን ገደለ። ደብተር ላይ ሰንጠረዥ ሠርቼ በየሁለት ቀኑ አንድ የሻይ ብርጭቆ ውሃ አጠጣ ነበር፤ ደመናም ይሁን ፀሐይ። የሁለቱ ግንድ ከሥሩ ጠቁሮ ተኛ። ለእትዬ ስነግራቸው አልተቆጡም። “ውሃ የጠየቀሽ ማን ነው? ደብተሩ ነው ወይስ አፈሩ?” ብለው ብቻ ጠየቁኝ፤ ጣቴን ይዘውም ኮረሪማ ጆንያ ውስጥ እስከ አንጓው ሰደዱት። “እስከዚህ ደረቅ ከሆነ አጠጪ። ጣትሽን ጠይቂው።” ደብተሩን አልጣልኩትም፤ የውሃውን ዓምድ ግን ሰረዝኩት።

ሁለቱ ቀሪዎች አማረባቸው። በማስመሪያ እለካቸዋለሁ፤ ወደ ብርሃን እንዳያጋድሉም በየጠዋቱ አዞራቸዋለሁ። ከዚያ አንድ ቀን አከራዬ የመብራት ጉዳይ ልትነግረኝ ገባችና መስኮቱ ላይ ዓይኗ ቀረ። “ውይ! ውይ! ይሄማ ሙሽራ ነው! እንዲህ ያለ ቅጠል በዓይኔም አይቼ አላውቅ!” አለች። እንትፍ አላለች፣ እግዜር ይጠብቀው አላለች፤ ዝም ብላ አድንቃ ወጣች።

እኔ የተማርኩ ሴት ነኝ። ስለ ብርሃንና ስለ ቅጠል አረንጓዴነት ለተማሪ ላስረዳ እችላለሁ። በማግሥቱ ግን ወደ ሥራ ስወጣ ነጠላዬን አንስቼ ችግኞቹን ከአናታቸው እስከ ሥራቸው ሸፈንኳቸው። ሴትዮዋ ቁልፍ አላት፤ ብትገባስ? በዚያ ላይ መስኮቱ ከመንገድ ይታያል። ለራሴም ቢሆን “ዓይን ፈርቼ ነው” አላልኩም፤ “ከአቧራ” አልኩ። ሁለት ሳምንት እንዲህ አደረግሁ። ችግኞቹ ረዘሙ። በደብተሬ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ደስ አለኝ፤ አንደኛው መሐሉ ላይ እንደ ክር ታጥፎ እስኪሰበር ድረስ።

አንድ ብቻ ቀረ። እትዬን ለምኜ ወደ ክፍሌ አመጣኋቸው፤ በትራቸውን ይዘው፣ ጉልበታቸውን እየረገሙ መጡ። መስኮቱ ሥር ተቀመጡና እጃቸውን ወደ ችግኙ ላኩ። መጀመሪያ ግንዱን ከታች ወደ ላይ፣ ቀጥሎ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለውን ርቀት ዳሰሱ፤ ከዚያ አንዷን ቅጠል በሁለት ጣታቸው መካከል እንደ ሻሽ ጨርቅ አሹ። ፊታቸው ተለወጠ።

“ቅጠሉ ሳስቷል። አንገቱ ተመዟል። አንቺ፣ ይሄ ጨለማ ውስጥ ነው የከረመው።”

“እትዬ፣ መስኮቱ ላይ ነው ያለው።”

“ዓይኔ ነው የታመመው፤ እጄ ጤነኛ ነው። በምን ሸፈንሽው?”

ነገርኳቸው። አከራዬን፣ ነጠላውን፣ ሁሉንም። ፊቴ እየነደደ ነበር። ሳቃቸው መጣ፤ ትከሻቸው እየተርገበገበ፣ እንባቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ ሳቁ።

“ከማን ዓይን ነው የደበቅሽው? ከፀሐይ ዓይን? ወላሂ፣ እኔ ለማየት እለምናለሁ፤ አንቺ ለሚያየው ነገር መጋረጃ ታለብሺዋለሽ!”

ሲበቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ዓይን የለም አልልሽም። አለ። ግን መድኃኒቱ ጨርቅ አይደለም። የገባ ሰው ሁሉ ማሻአላህ ይበል። ክርስቲያኑም ይበል፤ ምላሱን አያቃጥለውም።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ክፍሌ የሚገባ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ማሻአላህ ይል ጀመር፤ አከራዬም ጭምር፤ እሷ እንዲያውም ሦስት ጊዜ ትላለች። ነጠላው ወደ ትከሻዬ ተመለሰ። እትዬ ያዘዙኝን አደረግሁ፤ የተመዘዘውን አንገት ከሦስተኛው ቅጠል በላይ ቀነጠብኩት። የቀረ አንድ ነገርን መቁረጥ ከባድ ነው። ከወር በኋላ ግን ከጎኑ አራት ቅርንጫፍ አወጣ፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ።

አበባው ሲመጣ ሌላ ጭንቀት መጣ። ነጫጮቹ አበቦች እየፈኩ ይረግፋሉ። ብርዱን ለመከላከል የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ወትፌው ነበር። እትዬ የረገፉትን በመዳፋቸው ተቀበሉና፣ “ንብ የለ፣ ነፋስ የለ፤ ማን ይዳራቸው?” አሉ። ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ክፍሉን ስታሞቀው፣ መስኮቱን ከፍቼ ግንዱን በጣቴ እንደ ከበሮ ቀስ ብዬ እንድመታ አሳዩኝ። ቅዳሜና እሑድ እኔ እመታለሁ፤ በሥራ ቀን እሳቸው መደባቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው፣ ያንን ጉልበት እየጎተቱ፣ በሰጠኋቸው ቁልፍ ገብተው ይመቱልኝ ነበር። አንድ ቀን እንዳልቀሩ የማውቀው የሻሻቸው የጥቁር አዝሙድ ሽታ ክፍሉ ውስጥ ስለሚቆየኝ ነው።

ሦስት ዛላ ያዘ። ሁለቱ ትንንሽ ሆነው ቀሩ። አንዱ አደገ፤ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ የደም ጥቁረት። ልቀንጥሰው ባልኩ ቁጥር “ገና” ይሉኛል። ግንዱ ላይ ደርቆ ሲያንኳኩት እንደ ጸናጽል እስኪጮህ ጠበቅን።

ዛላውን የከፈቱት መደባቸው ላይ፣ ነጭ ሳህን ይዘው ነው። እኔ ፍሬውን ቆጠርኩ፤ ሃምሳ ሦስት። እሳቸው ስለ ቁጥሩ ግድም አልነበራቸው። ከዛላው ሥጋ ጥፍር የምታህል ቆርሰው አፋቸው ውስጥ አደረጉ። ገበያው ይንጫጫል፤ እሳቸው ያላምጣሉ። ፍሬው ሌላ ቢሆንስ? ቅሉ ውስጥ የሰው በርበሬ ተቀላቅሎ ቢሆንስ?

“የእናቴ በርበሬ መጀመሪያ ይጣፍጣል” አሉ በመጨረሻ። “ከንፈር አይነካም። ኋላ ጉሮሮ ላይ ይጠብቅሻል።” ጉሮሯቸውን በእጃቸው ያዙ። “እሱ ነው። ራሱ ነው።”

ከዚያ አንድ ቁራሽ ለእኔ ዘረጉ።

“እኔ እንኳ ብዙ አልችልም፣ እትዬ።”

“ብዪ ነው የምልሽ! ዘሩን አካፍልሻለሁ፤ አሁን በዝቷልና ለዛሪማም እልካለሁ። ግን እኔ ስሞት፣ ይሄ እሱ ነው ይሄ አይደለም የሚል ማን አለ? መጽሐፍሽ ያውቀዋል?”

ቆረጠምኩት። እውነትም ጣፈጠኝ። ቀና ብዬ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ጉሮሮዬን ያዘኝ፤ እንባዬ ጉንጬ ላይ ወረደ። እሳቸው አላዩኝም፤ ማሳሌን ግን ሰምተው ሳቁ፤ መደባቸው ላይ የነበረውንም ውሃ ወደ ኋላ ሸሸጉብኝ።

“ቆይ፣ አትጠጪ። ደህና አድርገሽ እወቂው።”