ነዳጅ መስጫ የሌለው ወንበር

ሰፈሩ በሙሉ «ፍሬን» ይለዋል። መኪና መንዳት ያስተምራል፤ ዕድሜውን የፈጀው ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ ነው። ከዚያ ወንበር ፊት፣ ከእግሩ ዘንድ፣ ፍሬንና ፍሪሲዮን አለ፤ ነዳጅ መስጫ ግን የለም። ስለዚህ ቀኝ እግሩ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፍጥነት ሲጨምር መርገጥ።

ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ከቫዮሊን ከፍ የሚለውን ቪዮላ ይጫወታል። የሙዚቃ አስተማሪ የሆነችው ታላቅ እህቱ አንደኛ ቫዮሊን፣ ባሏ ሁለተኛ ቫዮሊን ናቸው፤ ቼሎውን ጎረቤታቸው ፋርማሲስቱ ይዟል። አራቱን ያሰባሰበው ፍሬን ራሱ ነው። በእህቱ ሳሎን ሶፋው ወደ ግድግዳ ይገፋል፣ የምግብ ጠረጴዛው ወንበሮች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ።

ኖታው ላይ ያሉትን የጣሊያን ቃላት ቀድሞ የለመዳቸው እሱ ነበር። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ጎማ ሲል ለኖረ ሰው ጣሊያንኛ ምኑ አዲስ ነው ይላል። ተማሪዎቹንም በዚያው ያስተምራቸዋል። መታጠፊያ ላይ «ራለንታንዶ»፣ እየቀነስክ ማለት ነው፤ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ «አንዳንቴ»፣ በእግር ጉዞ ልክ። ከሁሉም የሚወደው ግን «ማ ኖን ትሮፖ» የሚለውን ነው፤ «ግን ብዙም ሳይበዛ»። አቀናባሪው «አሌግሮ» ብሎ ሞቅና ፈጠን እንዲሉ ባዘዘበት ሁሉ ፍሬን በእርሳስ «ማ ኖን ትሮፖ» ይጨምርበታል። እህቱ በላጲስ ታጠፋዋለች።

ዘንድሮ በሰፈሩ አዳራሽ ለሚያቀርቡት ኮንሰርት የመረጡት ሥራ መጨረሻው ላይ «ስትሪንጄንዶ» የሚል ቃል አለበት፤ እያጠበቁ፣ እያፈጠኑ መሄድ። እዚያ ላይ ሁለቱ ቫዮሊኖች ዝም ይላሉ። ቪዮላው ይመራል፣ ቼሎው ይከተላል። ፍሬን እዚያ በደረሰ ቁጥር ቀኝ እግሩ ምንጣፉን ይረግጣል፤ ቀስቱም አብሮ ይዘገያል። ጫማውን አውልቆ ሞከረ። እግሩን ከወንበሩ ጋር በቀበቶ አሰረ፤ ወንበሩ አብሮት ተንፏቀቀ። ፋርማሲስቱ ለዚህ የሚሆን መድኃኒት መደርደሪያው ላይ እንደሌለ አስታወቀ።

እህቱ አልሳቀችም።

«ወንድሜ ነህ፤ ሰው ፊት እንድታፍር አልፈልግም» አለችው። «በሚቀጥለው ሐሙስ ካልሆነልህ ቦታህን ለተማሪዬ እሰጣለሁ።»

«እትዬ፣ ከገዛ ቡድኔ?»

ቫዮሊኗን ሳጥኑ ውስጥ አስገባች።

በማግስቱ አንዲት ልብስ ሰፊ ሲያስተምር ዋለ። ዳገት ላይ ሞተሩ ደጋግሞ ጠፋባት፤ ከኋላ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ክላክስ ያስጮኻል። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላ እንድትለቅ ይነግራታል፤ እንዳላት ታደርጋለች፤ ሞተሩ ይጠፋል። በመጨረሻ እጇን ከመሪው አንስታ ወደ እግሩ ተመለከተች።

«ጋሼ፣ እኔ ነዳጅ እሰጣለሁ፣ እርስዎ ፍሬን ይይዛሉ። ታዲያ መኪናው ማንን ይስማ?»

ጎንበስ ብሎ አየ። እውነትም እግሩ ፍሬኑ ላይ ነበር። ሁለቱንም እግሮቹን ሰብስቦ ወደ ወንበሩ ሥር አስገባቸው። ሴትየዋ እንደገና አስነሳች። መኪናው ተንቀጠቀጠ፣ ያዘ፣ ከዚያ እየፈጠነ ወደ ላይ ወጣ። የበሩን እጀታ ጨምቆ ያዘ፤ ዳገቱ አናት ላይ ሲደርሱ ግን ይስቅ ነበር። «ስትሪንጄንዶ» አላት። ስድብ መስሏት ተቆጣች።

ሐሙስ ዕለት እግሮቹን ከወንበሩ ሥር አቆላልፎ ተጫወተ፤ ሆነለት። እህቱ «ሳሎን ሌላ፣ አዳራሽ ሌላ ነው» አለች። ቦታውን ግን አልነካችበትም።

በኮንሰርቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከፊት የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ፊቱን ትታ እግሩን ታያለች። ቫዮሊኖቹ ዝም አሉ። ፍሬን እግሮቹን ሰብስቦ ጀመረ፤ አጠበቀ፣ አፈጠነ፣ ደግሞ አፈጠነ። ቼሎው ከኋላው ይሮጣል። ቫዮሊኖቹ ተመልሰው ሲገቡ ፍሬን የደረሰበት ፍጥነት ላይ ለመድረስ ተጣደፉ። የእህቱ ፀጉር ከማሰሪያው አመለጠ። ቀስቷን ሳታቆም ዘንበል አለችና ጥርሷን ነክሳ፣

«ማ ኖን ትሮፖ፣ አንተ ሰውዬ» አለችው።

ቀስ በል ሲባል በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር። አልሰማትም። አራቱ የመጨረሻውን ድምፅ አንድ ላይ ሲመቱ አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ፤ ፍሬን ግን እግሮቹን ከወንበሩ ሥር እስኪያላቅቅ ድረስ እጅ የነሳው ቁጭ ብሎ ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ኖታውን ሲከፍት «ስትሪንጄንዶ» ከሚለው ቃል ጎን በእህቱ እጅ፣ በእርሳስ፣ «ማ ኖን ትሮፖ» ተጽፎ አገኘ። እጁን ዘርግቶ ላጲሷን ወሰደባት።