ደብዳቤው ዛሬ የት ያድራል

ልጅ ሳለሁ አሰበ ተፈሪ ውስጥ ደብዳቤ ቤት ድረስ የሚያመጣ ሰው አልነበረም። የሰፈራችን ደብዳቤ በሙሉ የሚመጣው የፖስታ ሳጥን በነበራቸው በጨርቅ ነጋዴው በአባ ሙሜ በኩል ነው። ፖስታው ላይ «በአቶ ሙሜ በኩል» ካልተባለ የማንም ናፍቆት ሰፈራችን አይገባም።

ያን ዓመት እህቴ አልማዝ አስተማሪ ሆና ጋምቤላ ተመደበች። እናቴ እንድትሄድ አልፈለገችም። አውቶቡስ ተራ ልንሸኛት ሄደን እንኳ ፊቷን አዙራ፣ «ከሄድሽ ደብዳቤሽም አይምጣብኝ» አለቻት። አልማዝ ደግሞ ትእዛዝ አክባሪ ነበረች፤ አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ምንም አልጻፈችም።

እኔ ግን ፖስታ በሚገባበት ማክሰኞና ዓርብ፣ አመሻሹ ላይ፣ ከአባ ሙሜ ሱቅ አልጠፋም ነበር። ፋኖሱን ለኩሰው እጃቸውን ከሰል ምድጃው ላይ እያሞቁ፣ «ኢንተለ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ደብዳቤው ተነስቷል። ዛሬ አዲስ አበባ ነው የሚያድረው።» ከዚያ ተረቱ ይቀጥላል። ደብዳቤው ከረጢት ውስጥ ከአንድ ሹም ደብዳቤ ጎን ይወድቅና፣ «ማኅተም የለህም፣ ፈቀቅ በል» ተብሎ አኩርፎ ያድራል። መተሐራ ላይ ሙቀቱ ቴምብሩን ሊያስለቅቅበት ይደርሳል። አሰቦት ላይ ፍየል ከረጢቱን ቀዳ ልትበላው ስትል፣ «እናት ትጠብቀኛለች» ብሎ ይለምናታል፤ እሷም የወለደች ነበረችና ትተወዋለች። ያኔ ይህን ስሰማ ከሰሉ አመድ መልበሱን እንኳ ልብ አልልም ነበር።

ቤት ገብቼ ለእናቴ አንድ ሳላስቀር እነግራታለሁ። ሽንኩርቷን እየላጠች፣ «እኚህ ሽማግሌ ሥራ የላቸውም» ትላለች። ዝም በይ ግን ብላኝ አታውቅም።

ችግሩ፣ ከተሞቹ አለቁ። ደብዳቤው ሚኤሶ ደረሰ፤ ከሚኤሶ በኋላ ዳገቱ ብቻ ነው፣ ከዚያ እኛ ነን። በሚቀጥለው ዓርብ አባ ሙሜ ጢማቸውን ሲደባብሱ ቆዩና፣ ከረጢቱ በስህተት ባቡር ላይ ተጭኖ ድሬዳዋ ወረደ አሉኝ። ተረት መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለእናቴ ሳልነግራት ተኛሁ።

ጠዋት ቁርሴን እያቀረበች፣ «ትናንት የት አደረ?» አለችኝ።

«ድሬዳዋ።»

«ድሬዳዋ ምን ሊሠራ ይሄዳል?»

ነጠላዋን ደርባ ወጣች፤ ተከተልኳት። ሱቁ እንደደረስን፣ «አባ ሙሜ፣ የልጄን ደብዳቤ ድሬዳዋ ምን ወሰደው?» አለች።

«ወላሂ እህቴ፣ ድሬዳዋም የለም፣ ሚኤሶም አልነበረም። ያልተጻፈ ደብዳቤ እስከ መቼ ላስኪደው? እኔም እኮ ደከመኝ።»

እናቴ ባንኮኒው ላይ የተዘረጋውን አቡጀዴ በጣቷ ስትዳስስ ቆየች።

«እንዳትጽፍ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ከዚህ ይነሳ» አሉ አባ ሙሜ። «ዳገቱን ከመውጣት መውረድ ይቀላል።»

እዚያው ባንኮኒው ላይ፣ ከደብተሬ አንድ ወረቀት ገንጥዬ፣ እናቴ እየነገረችኝ ጻፍኩ። ከሰላምታው ቀጥሎ ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ «ክረምት ሲሆን ነይ። አልጋሽን ለማንም አልሰጠሁም።»

መልሱ ከአርባ ቀን በኋላ ደረሰ። አባ ሙሜ በገበያ ቀን ሱቃቸውን ዘግተው ራሳቸው ይዘውት መጡ። እናቴ እጇን ታጥባ ተቀበለች፤ ግን አልከፈተችውም። በርጩማ አቀረበችላቸውና፣ «መጀመሪያ በየት በየት እንደመጣ ይንገሩኝ» አለች። አባ ሙሜ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከጋምቤላ ጀመሩ።

ከጋምቤላ አሰበ ተፈሪ ደብዳቤ ስንት ቀን ይፈጅ ነበር ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ሦስት ሳምንት ያህል እላለሁ። እናቴ ያንን አንድ መስመር እስክትናገር የፈጀባት ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። እኔም ዛሬ ስልኬን ይዤ፣ ለተቀየምኩት ሰው የምልከው ቃል በዓይን ቅጽበት እንደሚደርስ እያወቅሁ፣ አንዳንዴ ሳምንት እቆያለሁ።